ከባሕር ዛፉ ላይ ያላገኘኋት ወፍ

ሕመሜ መጀመሪያ የታየው በደረቴ ሳይሆን በፎቶዎቼ ላይ ነው። ላፍቶ ሜዳ ላይ ያነሳኋቸው ወፎች ሁሉ ብዥ እያሉ መውጣት ጀመሩ። የሽመላዋ አንገት ሁለት ይሆናል፤ ግንደ ቆርቁሩ ከነግንዱ ጭስ ይመስላል። ወፍ ለማንሳት ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል። ረጅም ሌንስ የልብ ምት ሳይቀር ያሳብቃል፤ ስለዚህ ወፏ አንገቷን ቀና እስክታደርግ ጠብቆ፣ ትንፋሽን ከሆድ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ መጫን ነው። እስከ አሥር ቆጥሬ እይዘው የነበረው ትንፋሽ ሦስት ላይ ሲደርስ ደረቴን ይኮረኩረኝ ጀመር። ሳል እንኳ አይባልም፤ ጉሮሮ መጥረግ ነገር ነው።

እኔ ግን ሌንሱን ጠረጠርኩ። ፈትቼ ወለወልኩት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ያው ነው። በመጨረሻ ኔጋቲቩን ይዤ ወደ ጋሽ መኮንን ሄድኩ። ጋሽ መኮንን ሳሪስ ያለችው ፎቶ ቤት ባለቤት ናቸው፤ እኔ እሳቸው ዘንድ ፊልም አጣቢ ነበርኩ። በማጉያ መነጽራቸው ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ሌንሱ ምንም አልሆነም፤ የተንቀጠቀጥሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ቅር አለኝ። ሰው ስለ እጁ ሲነገረው ቅር ይለዋል።

ስሜ አልማዝ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ፎቶ ያስተማረኝ የለም፤ ሌሎች ያበላሹትን ፊልም ሳጥብ ስህተታቸውን እያየሁ ነው የተማርኩት። ዘመኑ የደርግ ነበር። አንድ ሩሲያዊ አማካሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ካሜራውን ከነረጅሙ ሌንስ ለጋሽ መኮንን ሸጦላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «ለጉርድ ፎቶ ምን ያደርግልኛል?» ብለው መደርደሪያ ላይ ጣሉት። እኔ ለመንኳቸው፤ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ማለዳ ጎፋ ካለው ቤታችን እየተነሳሁ፣ ያኔ እርሻና ሜዳ ወደነበሩት ወደ ላፍቶና ወደ ለቡ እወርድ ነበር። እርጥብ ሣር ላይ በሆዴ ተኝቼ ወፍ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ተስፋዬ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ እሑድ እሱ ልጃችንን ሮማንን ይይዝልኛል። ሰው ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

የቀበሌው ነገርማ ለብቻው ወሬ ይወጣዋል። አንድ ቀን የአብዮት ጥበቃ ያዘኝና ሊቀመንበሩ ፊት አቀረበኝ። ሊቀመንበሩ ሌንሱን እንደ መድፍ በሁለት እጁ ታቅፎ አገላበጠው።

«ጓድ አልማዝ፣ በዚህ የምታይው ምንድን ነው?»

«ወፍ።»

«ወፍ ምን አደረገሽ?»

በማግስቱ ሃያ የሚሆኑ ፎቶዎች አመጣሁለት። አንድ በአንድ ካየ በኋላ የጅግራዋ ላይ ሲደርስ «ይቺስ ለወጥ ነበረች» አለና ወረቀት ጻፈልኝ። ወፍ እንጂ ድልድይ፣ መጋዘንና የጦር ሰፈር እንዳላነሳ የሚል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ያንን በደረት ኪሴ ይዤ ነበር የምዞረው።

ወደ ሕመሜ ልመለስ። ሳሉ ሲበረታ ሁሉም «ብርድ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩ። በማለዳ ጤዛ ላይ የሚተኛ ሰው ብርድ ቢመታው ምን ይገርማል? ብርዱ ካልሆነ ደግሞ የፊልም ማጠቢያው ኬሚካል ሽታ ነው አልኩ። ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ። ፌጦ በማር ዋጥኩ። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ቢጤ ይለኝና ሲመሽ ያልበኛል። ቀሚሴ ሰፋኝ። ተስፋዬ ጤና ጣቢያ እንሂድ ባለኝ ቁጥር ሣሩ ሲደርቅ ይተወኛል እለው ነበር። ሦስት ወር እንዲሁ አለፈ። ይህን ለምታነቡ ሁሉ የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኸው ነው፦ ለሕመሜ ከሐኪም በፊት ራሴ ስም አወጣሁለት።

አንድ እሑድ ለቡ ወንዝ ዳር ነበርኩ። ጀርባዋ ሰማያዊ የሆነ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከፊቴ ጉቶ ላይ ናት። ትንፋሼን ያዝኩ። አንድ። ሁለት። ሳሉ መጣ። ወፏ በረረች። አፌን የያዝኩበትን እጄን አየሁት።

ደም ነበር።

ጤና ጣቢያ ሦስት ጠዋት አክታ ሰጠሁ። ራጂ ተነሳሁ። ሐኪሙ ራጂውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ሲያደርገው እኔም አየሁት። ኔጋቲቭ የማንበብ ልማድ አለብኝ። በቀኝ በኩል ከላይ፣ ጥቁር መሆን የሚገባው ቦታ ነጭ ነበር። ሳይነግረኝ አወቅሁ።

«ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ። መድኃኒቱን ካላቋረጥሽ ትድኛለሽ። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?»

ሴት ልጅ አለችኝ፣ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሁለት ወር ስትሬፕቶማይሲን መርፌ ትወጊያለሽ። መርፌው እስኪያልቅ ልጅቷ ካንቺ ትራቅ።»

ሮማን ተመረመረች፤ ንጹሕ ነበረች። ያኔ የምታውቃቸው ቃላት ሦስት ነበሩ። «እማ»፣ «እምቢ» እና ወፍ ለማለት «ኦፍ»። የተስፋዬ ታላቅ እህት እታለማሁ ከደብረ ዘይት መጣች። ልጅ ስላልነበራት ይሁን ወይ ደግነቷ፣ ሳንለምናት ነው የመጣችው። የልጄን ልብስ አጣጥፌ በፌስታል ሰጠኋት። በነጠላ አፌን ሸፍኜ በሩ ጋ ቆምኩ። ሮማን በእታለማሁ ትከሻ ላይ ሆና እጇን ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኳትም። «እማ» አለች። ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምኖረው ለአንድ ነገር ብቻ ሆነ። መርፌው አልቆ ልጄ እንድትመለስ። የቀን መቁጠሪያው ላይ በየቀኑ አንድ እሰርዛለሁ።

መርፌውን የሚወጋኝ አቶ ደስታ የሚባል ድሬሰር ነበር። ቀልደኛ ሰው ነው፤ «ዛሬ ተረኛው የግራ ቀበሌ ነው ወይስ የቀኝ?» እያለ ያስቀኛል። ከመውጋቱ በፊት ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቃል።

«ጆሮሽ ይጮሃል? ራስሽንስ ያዞርሻል?»

«የለም።»

በአራተኛው ሳምንት ግድም ነው ወፏ የመጣችው።

ጠዋት ከመርፌ ተመልሼ ከቤታችን ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ድንቢጥ አይደለችም። አበባ የምትቀስመው፣ ምንቃረ ረጅሟም አይደለችም። የዚያን አገር ወፍ ድምፅ ሁሉ አውቃለሁ ብዬ እመካ ስለነበር ልቤ ዘለለ። አዲስ ወፍ! ቀና ብዬ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ፈለግኋት። የለችም። በማግስቱ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ድምፅ። ሲመሽ ተስፋዬ ሲመጣ ጓሮ ወሰድኩትና ስማት አልኩት።

«ምኗን ልስማ?»

«ይቺን ወፍ።»

ጆሮውን አዘንብሎ ቆየና ምንም የለም አለኝ። ያንተ ጆሮ የሽመና ማሽን ያደነቆረው ነው፣ አንተን ማን ጠየቀህ አልኩት። ሳቀ። እውነትም ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ጫጫታ ውስጥ ስለኖረ እቤት ሲያወራ እንኳ ይጮህ ነበር። ስለዚህ አላመንኩትም፤ ጆሮዬን አመንኩ።

ካሜራዬን አወጣሁ። እንድተኛ ታዝዤ ሳለ ዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ለአሥር ቀን ያህል ጠበቅኋት። ቅጠል በተነቃነቀ ቁጥር አነሳለሁ። ጠዋት ጠዋት አቶ ደስታ «ጆሮሽ ይጮሃል?» ሲለኝ ከልቤ ነው «የለም» የምለው። የሚጮኸው ወፍ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለማ! ወፍ የሚያነሳ ሰው ድምፅ ሲሰማ ዛፍ ያያል እንጂ ጆሮውን አይጠረጥርም። ያቺ ወፍ ግን አትተነፍስም ነበር። ወፍ ሁሉ ዘምሮ ያርፋል፤ እሷ አታርፍም። ይህን ማስተዋል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከእኔ በላይ ማን ሊያስተውል?

አንድ ቀን ዝናብ ጣለና ቤት ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። ድምፁ አብሮኝ ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሁለት መዳፌ ጆሮዎቼን ደፈንኩ።

ወፏ አላቆመችም።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው፤ ስህተት ይቅር ይባላል። ቀጥሎ የምነግራችሁ ግን ስህተት አይደለም። በማግስቱ አቶ ደስታ መርፌውን እያዘጋጀ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አሁን አውቄዋለሁ፤ የሚጮኸው ጆሮዬ ነው፣ የሚያስጮኸውም መርፌው። ብነግረው መርፌውን ያቆሙታል ብዬ አሰብኩ። መርፌው ከቆመ ሁለቱ ወር ይራዘማል። ሁለቱ ወር ከተራዘመ ሮማን አትመጣም። የቀን መቁጠሪያው ላይ የቀሩኝ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበሩ።

«የለም» አልኩት።

ሰባት ቀን ዋሸሁ። በየቀኑ ዓይኑን እያየሁ። እሱ አምኖኝ ይወጋል። በየቀኑ ድምፁ ይጎላል፤ በየቀኑ ሌላው ነገር ሁሉ እየራቀ ይሄዳል። ጓሮ የሚንጫጩት ድንቢጦች ምንቃራቸው ሲከፈት አያለሁ፤ ድምፅ የለም። ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ከዚያ ያርፋል፣ እመለሳለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ሳሙና ስለነበረብኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። መሬቱ ጠፋኝ። ወደቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሳፋው ተደፍቶ እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ልነሳ ብል ቤቱ ይዞራል። ተስፋዬ ደግፎ አነሳኝ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የወፍራም ድምፁን ግማሽ ብቻ ሰማሁት።

ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ቀጥ ብዬ ቆሜ ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘኝ፤ እንደገና ልወድቅ ስል ያዘኝ። ሰዓቱን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። እጁን አየሁ እንጂ ሰዓቱን አልሰማሁም። መቼ ጀመረሽ አለኝ። ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ወፏንም፣ ሰባቱንም ቀን። አቶ ደስታ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ሐኪሙ እንድሰማው ጎንበስ ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«መርፌው ዛሬ ይቆማል። በክኒን እንቀጥላለን። ሳንባሽን አድነዋለሁ። ጆሮሽን ግን ልመልስልሽ አልችልም።»

ልጄስ አልኩት። አክታዬ በዚያው ቀን ተመረመረ፤ ንጹሕ ነበር። መርፌው ቢቆምም ልጅቷ በተባለው ቀን መምጣት ትችላለች አለኝ። ልብ በሉ። ያን ጊዜ፣ ጆሮዬን በመዳፌ በደፈንኩ ማግስት ነግሬው ቢሆን ኖሮ መርፌው ይቆም ነበር፣ ክኒን ይተካ ነበር፣ ሮማንም በዚያው ቀን ትመጣ ነበር። የሰባቱ ቀን ውሸት አንዲት ቀን እንኳ አልገዛልኝም።

ሮማን መጣች። እታለማሁ ሹሩባ ሠርታታለች፤ አድጋለች። መጀመሪያ አላወቀችኝም፤ ከአክስቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ ጉልበቴን ያዘችና ተናገረች። አንድ ቃል አልነበረም፤ ብዙ ነበር። ደብረ ዘይት ሆና ማውራት ጀምራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗ ያበራል፣ እጇን ታወናጭፋለች። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ የወፍና የሕፃን ድምፅ። ምንም አልሰማሁም።

ልጄን አቀፍኳት። አሁን ማቀፍ ተፈቅዶልኝ ነበር።

ደጋግማ ተናገረች። በመጨረሻ ወደ ተስፋዬ ዞረች። እሱ ደግሞ ጆሮዬ ጋ ጎንበስ ብሎ ጮክ አድርጎ «ውሃ ስጪኝ ነው የምትልሽ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘለግ ያለ ነው፤ መዳን እንደ መታመም አይቸኩልም። ክኒኑን፣ ነጩን አይኤንኤች ከታያሴታዞን ጋር፣ ዓመት እስኪሞላ ድረስ አንድ ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ፤ ክብደቴ ተመለሰ፣ ሳሉ ለቀቀኝ፣ በራጂዬ ላይ የነበረው ነጭም ጠባሳ ብቻ ትቶ ጠፋ። መርፌው የሰውነቴን ሚዛንም ወስዶብኝ ስለነበር መራመድን ግን እንደ ሕፃን ነው እንደገና የተማርኩት፤ በብርሃን ደህና ነኝ፣ ጨለማ ውስጥ ግን እግሬ የት እንዳለ አያውቅም፣ ስለዚህ ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልም ማጠብ ቀረ፤ ጋሽ መኮንን ግን አላባረሩኝም፣ ፎቶ ስቆርጥና ስለጥፍ እንድውል ብርሃን ያለበት መስኮት ጋ ጠረጴዛ አደረጉልኝ። ያን ከዛፉ ሥር ያነሳሁትን ፊልም እሳቸው ናቸው ያጠቡት፤ ሲሰጡኝ ምንም አላሉኝም፣ እኔም አየሁት፣ ቅርንጫፍና ሰማይ ብቻ ነው።

ወፍ ማንሳት አልተውኩም። ላፍቶ በወረድኩ ቁጥር ግን ሜዳው ሁሉ ከመስታወት ጀርባ ያለ ይመስለኛል፤ ወፎቹ ይመጣሉ፣ ምንቃራቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይሄዳሉ። ድሮ ድምፅ ነበር የሚመራኝ፤ አሁን የሣር እንቅስቃሴና የላሞች ጆሮ ወዴት እንደዞረ አያለሁ። ፎቶዎቼ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ሰው ሁሉ ከድሮው ይበልጣሉ ይለኛል። እውነት ሳይሆን አይቀርም። ግን ደስታው ግማሽ ነው።

አንድ ፋሲካ፣ ሮማን ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ፣ እታለማሁን ጠየቅኋት። እዚያ እያለች መጀመሪያ ያወራችው ምን ነበር? እታለማሁ ልትነግረኝ አልፈለገችም። ነዘነዝኳት። በመጨረሻ ከንፈሯን እንዳነብ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ ቀስ ብላ ተናገረች።

«‹እማ እኔን ትፈልገኛለች?› ነበር የምትለው። በየጠዋቱ። እኔም ‹አዎ› እላት ነበር።»

ለእታለማሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያንን ጥያቄ እኔ መመለስ ሲገባኝ በየጠዋቱ እሷ መለሰችልኝ። ለጋሽ መኮንን፣ ለዚያ ሐኪምም ምስጋናዬ አይቋረጥም፤ ሕይወቴን ሰጥተውኛል። ለአቶ ደስታ ደግሞ ምስጋናዬ ከይቅርታ ጋር ነው። ኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ እሱ ነበር የሚያለቅሰው፤ ከጥያቄው ሌላ ማየት ነበረብኝ፣ ስትራመጂ ማየት ነበረብኝ ይላል። የእሱ ጥፋት አይደለም። ደጋግሞ የጠየቀ ሰው ምን ጥፋት አለው?

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ሳልሽ ሦስት ሳምንት ካለፈው ብርድ ነው አትበይ፤ አክታሽን ስጪ። ክኒኑን ሻል ሲልሽ አታቋርጪ። ዛሬ መድኃኒቱ ተለውጧል ይባላል፤ ብዙ ሰው መርፌ ሳይወጋ ይድናል። መርፌ የታዘዘልሽ ከሆነ ግን የሰማሽውን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪው። ፉጨት ይሁን፣ ደወል ይሁን፣ የሚያምር ይሁን፣ ንገሪው። ጆሮሽን በመዳፍሽ ደፍነሽ ሞክሪ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ቁሚ። የተጠየቅሽውን በእውነት መልሺ።

ልጅሽን ካንቺ አርቀሽ ከሆነ ደግሞ ቀን እየቆጠርሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አውቃለሁ። ስለ ልጅሽ ብለሽ አትዋሺ። እውነቱን በመናገርሽ አትዘገይብሽም ይሆናል። ብትዘገይም ትዘግይ፤ አንድ ወር ይለፍ፣ ሁለት ይለፍ። መጥታ ጉልበትሽን ይዛ ውሃ ስትለምንሽ፣ አንቺው ሰምተሽ ስጫት።